የእሑድ ገበታ፦ የላኪ ፕላዛ ሕንፃና የፊሊፒኖ ምግብ ቤቶቹ ታሪክ

የአንድን ሕዝብ ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ሰው ዘወትር የሚያገላብጠው የነገሥታትን ዜና መዋዕል፣ የጦር ሜዳ ውሎን፣ የመንግሥታትን ውልና ስምምነት ነው። ይሁን እንጂ ከነዚህ ባልተናነሰ ሁኔታ የሕዝብን ኑሮ የሚመሰክር ሌላ ሰነድ አለ፤ ይኸውም ገበታ ነው። ሰው ምን እንደሚበላ፣ ከማን ጋር እንደሚበላ፣ በየትኛው ቀንና በማን ፈቃድ እንደሚበላ በጥሞና ሲመረመር፣ የሥራው ዓይነት፣ የነፃነቱ መጠንና የባህሉ ሥር አብረው ይገለጣሉ። በሲንጋፖር ከተማ ኦርቻርድ በሚባለው ታላቅ ጎዳና ላይ በቆመ አንድ ሕንፃ ውስጥ ጎን ለጎን የተደረደሩት የፊሊፒኖ ምግብ ቤቶች ለዚህ አባባል ጥሩ ማስረጃ ናቸው። በትሪ ላይ ከሚቀርበው ወጥ ጀርባ የሁለት አገሮች የሥራ ፖሊሲ፣ የአራት መቶ ዓመታት የባህል ግንኙነትና የብዙ ሺህ ሴቶች ላብ አለ።

የሕንፃው ስም ላኪ ፕላዛ ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ «ዕድለኛ» ማለት ነው። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን የአማርኛ አንባቢ ያለ አስተርጓሚ ሌላ ትርጉም ያገኝበታል፤ የሚልክ፣ ላኪ። ይህ የፊደል አጋጣሚ ብቻ ቢሆንም ከቦታው ግብር ጋር አይጣላም። ምክንያቱም ወደዚህ ሕንፃ የሚመጡት ብዙዎቹ ፊሊፒናውያት የሚመጡት ለመብላት ብቻ ሳይሆን ለልጆቻቸው፣ ለወላጆቻቸውና ለታናናሾቻቸው ገንዘብና ዕቃ ለመላክ ጭምር ነው።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የገውዝ እርሻ የነበረው ጎዳና

ኦርቻርድ የሚለው የጎዳና ስም የአትክልት ቦታ ማለት ነው። ስሙም ያለ ምክንያት የተሰጠ አልነበረም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ፣ ሲንጋፖር በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችበት ዘመን፣ የዛሬው የንግድ ጎዳና ግራና ቀኝ የገውዝና የቁንዶ በርበሬ እርሻ፣ የፍራፍሬም ማሳ ነበር። በምዕተ ዓመቱ አጋማሽ ላይ የገውዙን ዛፍ በሽታ መታውና እርሻው ጠፋ፤ ስሙ ግን ቀረ። እስከ ዛሬም ከላኪ ፕላዛ አጠገብ የሚያልፈው አጭር መንገድ የገውዝ መንገድ ይባላል።

ሲንጋፖር በ1965 ነፃ አገር ከሆነች በኋላ ጎዳናው የአዲሱ የንግድ ኑሮ ማሳያ ሆነ። ላኪ ፕላዛ በ1978 ሲጠናቀቅ ከታች ባለ ብዙ ፎቅ የገበያ አዳራሽ፣ ከላይ ደግሞ የመኖሪያ ቤቶች ያሉት ረጅም ሕንፃ ሆኖ ነው የቆመው። ቀዝቃዛ አየር የሚነፍስበት አዳራሽና በመስታወት የተሠሩ አሳንሰሮቹ በጊዜው የከተማይቱ መነጋገሪያ ነበሩ። መጀመሪያ የታሰበውም ለባለጸጋው ሸማችና ለውጭ አገር ጎብኚ ነበር። ጌጣጌጥ፣ ሰዓት፣ ካሜራና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ዋጋ እየጠሩና እየተከራከሩ ጎብኚውን ይቀበሉት ነበር። ይህ አዳራሽ የሰው ቤት የሚያጸዱና የሰው ልጅ የሚያሳድጉ ሴቶች መሰብሰቢያ ይሆናል ብሎ የገመተ ሰው አልነበረም ለማለት ይቻላል።

ለውጡን ካመቻቹት ነገሮች አንዱ የንብረቱ ሥሪት ነው። የላኪ ፕላዛ ሱቆች የአንድ ባለንብረት ይዞታ አይደሉም። በየክፍላቸው ለተለያዩ ሰዎች የተሸጡ ስለሆኑ እያንዳንዱ ባለሱቅ ክፍሉን ለፈለገው ሊያከራይ ይችላል። ሕንፃውን አንድ ትልቅ ኩባንያ ጠቅልሎ ቢይዘው ኖሮ የጎዳናውን ክብር የሚመጥኑ ናቸው የሚላቸውን ሱቆች ብቻ መርጦ ባስገባ ነበር። ባለንብረቱ ብዙ በመሆኑ ግን ትንሹ ሐዋላ ቤት፣ ትንሹ የጭነት ወኪል፣ አምስት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት ሁሉ ቦታ አገኙ። በተለይም የጎብኚው እግር በማይበዛባቸው የላይኛዎቹ ፎቆች ላይ የፊሊፒኖ ንግድ ሥር ሰደደ። ከዚህም ሌላ የፊሊፒንስ ኤምባሲ ከጎዳናው ብዙም ሳይርቅ መገኘቱና የኦርቻርድ የምድር ባቡር ጣቢያ በ1987 መከፈቱ ቦታውን ከየሰፈሩ ለሚመጣው ሰው አመቺ አደረጉት። በ1990ዎቹ ዓመታት ሕንፃው «ትንሿ ማኒላ» የሚል ቅጽል ስም አትርፎ ነበር።

የሁለት መንግሥታት ስሌት

ሕንፃው በተጠናቀቀበት በዚያው በ1978 ዓመት የሲንጋፖር መንግሥት የውጭ አገር የቤት ሠራተኞችን ለማስገባት የሚያስችል ደንብ አወጣ። በዚያን ጊዜ ፋብሪካዎችና መሥሪያ ቤቶች በብዛት ሠራተኛ ይፈልጉ ነበር። የሲንጋፖር ሴቶች ወደ ፋብሪካና ወደ ቢሮ ሲወጡ ልጅ የሚይዝ፣ ሽማግሌ የሚጦር፣ ምግብ የሚያበስል ሌላ እጅ አስፈለገ። ያ እጅ ከፊሊፒንስ፣ ከስሪላንካና ከታይላንድ፣ በኋላም በብዛት ከኢንዶኔዥያና ከበርማ መጣ። ዛሬ በዚያች አነስተኛ አገር የሚገኙት የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች ቁጥር ከ200,000 በላይ ነው።

በላኪው ወገን የነበረው ስሌት ደግሞ ከዚህ ቀደም ብሎ የተቀመረ ነው። ፊሊፒንስ በፈርዲናንድ ማርቆስ አገዛዝ ሥር በነበረችበት በ1974 የወጣው የሥራ ሕግ ዜጎችን ወደ ውጭ አገር ልኮ ማሠራትን የመንግሥት ተግባር አደረገው። በአገሪቱ ሥራ አጥነት ተንሰራፍቶ ነበር፤ የውጭ ምንዛሪም እጅግ ያስፈልጋት ነበር። የነዳጅ ዋጋ በ1973 ማሻቀቡ ደግሞ የዓረብ አገሮችን አበልጽጎ የሠራተኛ ፈላጊ አደረጋቸው። መጀመሪያ በብዛት የተላኩት ወንዶች የግንባታ ሠራተኞች ነበሩ፤ ቆይቶ ግን የሴቶቹ ቁጥር እያየለ መጣ። ለጊዜው ተብሎ የተጀመረው መፍትሔ ቋሚ ሆኖ ቀረ። ፕሬዚዳንት ኮራዞን አኪኖ በ1988 በሆንግ ኮንግ ለሚገኙ የቤት ሠራተኞች ሲናገሩ «አዲሶቹ ጀግኖች» ብለው ጠሯቸው። በ2023 በውጭ የሚሠሩ ፊሊፒናውያን በባንክ በኩል ወደ አገራቸው የላኩት ገንዘብ ከ33 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል።

ጀግና መባል ግን ጥበቃ ማግኘት ማለት አይደለም። ይህን በግልጽ ያሳየው የፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን ጉዳይ ነው። ይህች ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛ ሲንጋፖር ውስጥ አንዲት የአገሯን ልጅና አንድ ሕፃን ገድላለች ተብላ የሞት ፍርድ ተፈረደባትና በመጋቢት ወር 1995 በስቅላት ተቀጣች። በፊሊፒንስ ብዙ ሰው ንጹሕ ናት ብሎ ያምን ስለነበር ሐዘኑና ቁጣው አገር አቀፍ ሆነ። የሁለቱ መንግሥታት ግንኙነት ሻከረ፤ የፊሊፒንስ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በውጭ አገር ስለሚሠሩ ዜጎች መብትና ደኅንነት የሚደነግግ ሕግ ወጣ። ጉዳዩን የተረከው የጆኤል ላማንጋን ፊልም፣ ኖራ አውኖር ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ሆና የተጫወተችበት፣ በ1995 በካይሮው ዓለም አቀፍ የፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት ተቀበለ። በአንዲት የቤት ሠራተኛ ዕጣ ላይ የተመሠረተ የጥበብ ሥራ ከአፍሪካ ምድር ክብር አግኝቶ መመለሱ ሊታወስ የሚገባው ነው።

እንግዲህ በላኪ ፕላዛ ላይኛ ፎቆች የተደረደሩት ምግብ ቤቶች የአንድ ብልህ ነጋዴ ግኝት አይደሉም። አንዱ መንግሥት ሰው ለመላክ፣ ሌላው መንግሥት ሰው ለመቀበል ያወጧቸው ሁለት ደንቦች የተገናኙበት ቦታ ናቸው። ደንቦቹ የተጻፉት ስለ ጉልበት ነው፤ የመጣው ግን ሙሉ ሰው ነው። ሙሉ ሰው ደግሞ ቋንቋውን፣ እምነቱን፣ ምላሱ የለመደውንም ጣዕም ይዞ ይመጣል።

ድስቱ የሚተርከው

የነዚህ ምግብ ቤቶች አሠራር በአገር ቤት ካሪንደሪያ ከሚባሉት ትናንሽ ምግብ ቤቶች የተወረሰ ነው። ካሪንደሪያ በፊሊፒንስ ከተሞች በየገበያው፣ በየአውቶቡስ መናኸሪያው፣ በየፋብሪካው በር የሚገኝ የሠራተኛ መመገቢያ ነው። ወጡ ከማለዳ ጀምሮ ተሠርቶ በድስትና በትሪ ይደረደራል። ተመጋቢው የምግብ ዝርዝር አያነብም፤ የሚፈልገውን በጣቱ ያሳያል። በዚህም የተነሣ «ቱሮ-ቱሮ» የሚል ስም ወጥቶለታል፤ ትርጉሙም «ጠቁም-ጠቁም» ማለት ነው። ይህ አሠራር ለሠራተኛ ሰው ሦስት ጥቅም አለው። ምግቡ ደርሶ ስለሚጠብቅ ጊዜ ይቆጥባል፤ ዋጋው ከኪስ ጋር ይመዛዘናል፤ ከሁሉም በላይ የሚበላውን አስቀድሞ በዓይኑ አይቶ ይመርጣል።

ከትሪዎቹ መካከል የማይጠፋው አዶቦ ነው። ሥጋ በኮምጣጤ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በቁንዶ በርበሬና በአኩሪ አተር ስጎ የሚበስልበት ወጥ ነው። ስሙ የስፓኝ ነው፤ አሠራሩ ግን የአገሬው ነው። በ1613 የታተመው የፔድሮ ደ ሳን ቡዌናቬንቱራ የታጋሎግ መዝገበ ቃላት ይህን የኮምጣጤ ወጥ «የአገሬው ሰዎች አዶቦ» በሚል አገላለጽ መዝግቦታል። ገዢው ያየውን ነገር በራሱ ቃል ሰየመው፤ ዘመን ሲያልፍ የአገሬው ስም ጠፍቶ የገዢው ስም ቀረ። ጣዕሙን ግን ማንም አልወሰደውም። ኮምጣጤው በሞቃት አገር ሥጋው ቶሎ እንዳይበላሽ ይጠብቀዋል። በዚህም ምክንያት አዶቦ የመንገደኛና የስደተኛ ወጥ ለመሆን የተመቸ ነው፤ ሳይበላሽ ይሰነብታል፤ ሲያድርም ይጣፍጣል።

ሲኒጋንግ የሚባለው ሾርባ ደግሞ በሁመር የሚመካ ጎምዛዛ ምግብ ነው። ካሬ-ካሬ የበሬ ጭራ በተፈጨ ኦቾሎኒ የሚበስልበት ወፍራም ወጥ ሲሆን፣ ከጎኑ በጨው ተብላልቶ የተዘጋጀ የሽሪምፕ ማባያ ይቀርብለታል። ፓንሲት ከሩዝ ወይም ከስንዴ ዱቄት የሚሠራ ረጅም ክር መሰል ምግብ ነው። ስሙም ሆነ ሥራው ከደቡብ ቻይና ከመጡ ነጋዴዎች የተገኘ ነው። ክሩ ረጅም ዕድሜን ያመለክታል ስለሚባል የልደት ቀን ያለ ፓንሲት አይከበርም። ሃሎ-ሃሎ የሚባለው ደግሞ «ድብልቅልቅ» ማለት ሲሆን፣ የተፈጨ በረዶ ከጣፋጭ ባቄላ፣ ከፍራፍሬና ከወተት ጋር ተደባልቆ በብርጭቆ ይቀርባል። በረዶ በሰፊው መሠራት የተጀመረው አሜሪካውያን አገሪቱን ይገዙ በነበረበት ዘመን ነው። በረዶን ከጣፋጭ ባቄላ ጋር መሸጥን ያስለመዱት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ማኒላ የነበሩ የጃፓን ነጋዴዎች እንደሆኑ ይነገራል።

ስለዚህ በአንድ ትሪ ላይ የብዙ ዘመናት ደለል ተነባብሮ ይታያል። ጎምዛዛው የጥንቱ የአገሬው ነው፤ ክሩ የቻይናው ነጋዴ ነው፤ ስሙ የስፓኙ ገዢ ነው፤ በረዶው የአሜሪካው ዘመን ነው። ከ1565 እስከ 1815 ድረስ ከማኒላ ወደ ሜክሲኮው አካፑልኮ ይመላለሱ የነበሩት መርከቦች ደግሞ የአሜሪካን ምድር አዝርዕት አምጥተው ለዚህ ማዕድ አበርክተዋል። ሕዝቡ የመጣበትን ሁሉ እንዳለ አልዋጠም፤ እያኮመጠጠ፣ ጨው እያስገባ፣ ከሩዙ ጋር እያስማማ የራሱ አደረገው። የምግብ ታሪክ ጸሐፊዋና መምህርቷ ዶሪን ፈርናንዴዝ (1934–2002) ዕድሜያቸውን የሰጡት ይህንኑ የማስማማት ጥበብ ለማጥናት ነበር። «ቲኪም» የተሰኘው የድርሰት ስብስባቸው በ1994 ሲታተም፣ የመንገድ ዳር ምግብና የደሀ ማዕድ ለምርምር የሚበቃ የባህል ቅርስ መሆኑን ለብዙ አንባቢ አስረድቷል።

ምግብ ቤት በፊሊፒንስ ታሪክ ውስጥ የሐሳብ መድረክ ሆኖም ያውቃል። አገራዊው ደራሲ ሆሴ ሪዛል በ1891 ባሳተመው «ኤል ፊሊቡስተሪስሞ» ልብ ወለድ ውስጥ ተማሪዎች በአንድ የፓንሲት ቤት ተሰብስበው ግብር ያገባሉ። የስፓኝ ቋንቋ ትምህርት ቤት ለመክፈት ያቀረቡት ጥያቄ በገዳማውያኑ ተጽዕኖ ከንቱ ሆኖባቸዋልና፣ እያንዳንዱን ወጥ ለአንድ ባለሥልጣን ወይም ለአንድ መነኩሴ በሽሙጥ እያበረከቱ ይስቃሉ። ሣቁ ግን መራራ ነው፤ ምዕራፉም ሣቅና ልቅሶን ያጣመረ ርእስ አለው። ሪዛል በ1896 በቅኝ ገዢዎች በጥይት ተደብድቦ ሞተ። ርካሽ ማዕድ ዙሪያ የተሰበሰቡ ሰዎች የሚናገሩት ነገር ርካሽ እንዳልሆነ ግን አስቀድሞ ጽፎ ነበር።

አንድ የዕረፍት ቀን

የላኪ ፕላዛ ምግብ ቤቶች ትርጉም የሚታወቀው በእሑድ ነው። በሌላው ቀን አዳራሹ እንደማንኛውም የገበያ አዳራሽ ነው። እሑድ ሲደርስ ግን ኮሪደሩ በታጋሎግ፣ በኢሎካኖ፣ በቪሳያ ቋንቋዎች ይሞላል። ቅዳሴ ያስቀደሱት ከቤተ ክርስቲያን፣ ሌሎቹ በቀጥታ ከአሠሪዎቻቸው ቤት ይመጣሉ። በሐዋላ ቤቱ ሰልፍ ይይዛሉ፤ ወደ አገር ቤት የሚሄደውን ካርቶን ያስመዝናሉ፤ ከዚያም ወደ ማዕዱ ይቀርባሉ። የሰላምታው ቃል «ካባያን» ነው፤ «የአገሬ ልጅ» እንደማለት ነው። ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ «በልተሻል ወይ?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ በአገራቸው የፍቅርና የአክብሮት መግለጫ ነው። ስድስት ቀን ሙሉ ሌሎች መብላታቸውን ስትጠይቅ የከረመች ሴት በሰባተኛው ቀን ራሷ ትጠየቃለች።

ሰባተኛው ቀን ግን በነፃ የተገኘ አይደለም። ለረጅም ዓመታት የቤት ሠራተኛዋ የዕረፍት ቀን በአሠሪዋ በጎ ፈቃድና በውሏ ላይ የተመሠረተ ነበር። በወር አንድ ቀን የምትወጣ ነበረች፤ ከነጭራሹ የማትወጣም ነበረች። የሠራተኞቹን መብት የሚከራከሩ ወገኖች ብዙ ከደከሙ በኋላ፣ ከጥር 1 ቀን 2013 ጀምሮ ሳምንታዊ የዕረፍት ቀን በሕግ ተደነገገ። ሆኖም ሠራተኛዋ ከተስማማች በዕረፍቱ ፈንታ ገንዘብ መክፈል ይቻል ነበር። ዕዳ ያለባትና ልጅ የምታስተምር ሴት ገንዘቡን ብትመርጥ ማን ይፈርድባታል? ይህን በመገንዘብ ይመስላል፣ ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ በወር ቢያንስ አንዱ የዕረፍት ቀን በገንዘብ የማይለወጥ እንዲሆን ተወሰነ። የምግብ ቤቶቹ ገበታ መስፋትና መጥበብ ከዚህ ሕግ ጋር የተያያዘ ነው። ዕረፍት የሌላት ሴት ገበታ የላትም።

ሌላም የማይታይ ግድግዳ አለ። በቤት ሠራተኝነት ፈቃድ የገባች ሴት ከተቀጠረችበት ቤት ውጭ መሥራትም ሆነ መነገድ አይፈቀድላትም። ስለዚህ ሙያዋ ምንም ያህል ቢመሰገን በላኪ ፕላዛ ድስት ጥዳ መሸጥ አትችልም። ምግብ ቤት የሚከፍተው የመኖሪያ መብት ያለው ወይም የአገሩ ዜጋ የሆነ ሰው ነው። በሌላው ማእድ ቤት የሌላውን ሕዝብ ምግብ ስታበስል የምትውለው ሴት፣ የራሷን አገር ምግብ የምታገኘው ገዝታ ነው። ለዚህ የሚበቃ ገንዘብ የሌላቸው ወይም ለልጃቸው መቆጠብ የሚመርጡ ደግሞ ከየቤቱ የቋጠሩትን ይዘው በጎዳናው ዳር፣ በዛፍ ጥላና በመናፈሻ ሣር ላይ ጨርቅ አንጥፈው በጋራ ይበላሉ። የፎቁ ገበታና የሣሩ ገበታ ሁለት አይደሉም፤ የአንድ ማዕድ ሁለት ጫፎች ናቸው።

በነዚህ ትናንሽ ምግብ ቤቶች መካከል ታላቁ ንግድም ቦታ ይዟል። በዚያው በ1978 በፊሊፒንስ በኩባንያነት የተመዘገበው ጆሊቢ የሲንጋፖር የመጀመሪያ ምግብ ቤቱን በ2013 የከፈተው በዚሁ በላኪ ፕላዛ ነው። ከአይስ ክሬም መሸጫነት ተነሥቶ በብዙ አገሮች ቅርንጫፍ ያበጀ ድርጅት ለጅማሬው ይህን ሕንፃ መምረጡ፣ ገበያውን አስቀድመው የፈጠሩት እነማን እንደሆኑ ያሳያል። ለትልቁ ድርጅት መንገዱን የጠረጉት የባለትሪዎቹ ቤቶችና የእሑድ ተመጋቢዎቻቸው ናቸው።

የገበታው ስጋት

ይህ ሁሉ ሲባል ቦታው የደስታ ብቻ ተደርጎ እንዳይቆጠር ያስፈልጋል። ታኅሣሥ 29 ቀን 2019 እሑድ ዕለት፣ የቤት ሠራተኞች በዕረፍት ቀናቸው ተሰብስበው ሳሉ በሕንፃው አጠገብ አንድ መኪና ከገውዝ መንገድ አጥር ጥሶ ወደቀባቸው። ሁለት ፊሊፒናውያት ሞቱ፤ አራት ቆሰሉ። በሕይወት ሳሉ በአሠሪ ቤት ውስጥ የማይታዩት ሴቶች በሞታቸው የሁለት አገሮች ጋዜጦች ርእስ ሆኑ።

በቀጣዩ ዓመት ወረርሽኙ መጣ። በ2020 የጸደይ ወራት ምግብ ቤቶች ደንበኛ ማስቀመጥ ተከለከሉ። ገደቡ ከላላ በኋላም በነሐሴ መጨረሻ በላኪ ፕላዛ ልዩ ደንብ ተደነገገ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ቀናት ሰው የሚገባው በመታወቂያ ቁጥሩ የመጨረሻ አኃዝ ሙሉና ጎዶሎነት ተለይቶ ሆነ። መንግሥት አሠሪዎች ለቤት ሠራተኞቻቸው ከእሑድ ይልቅ በሌላ ቀን ዕረፍት እንዲሰጡም መከረ። መጨናነቅን ለመቀነስ የታሰበ ቢሆንም፣ እሑድ ሲበተን ማኅበሩም ተበተነ። ዕረፍት ለብቻ ሲሆን ዕረፍት ብቻ ነው፤ በአንድ ቀን በጋራ ሲሆን ግን ባህል ይሆናል።

የሕንፃ ዕድሜም ዋስትና የለውም። በዚያችው ከተማ በ1973 የተሠራው ጎልደን ማይል የተባለው ሕንፃ ለብዙ ዓመታት የታይላንድ ሠራተኞች መሰብሰቢያ፣ የምግብ ቤቶቻቸውና የገበያቸው ማዕከል ነበር። መንግሥት በ2021 ሕንፃው በቅርስነት እንዲጠበቅ ወሰነ፤ በ2022 ግን በጥቅል ተሸጠና በ2023 ነጋዴዎቹ በሙሉ ለቀው ወጡ። ሕንፃው በቅርስነት ተረፈ፤ ገበታው ተበተነ። የሥነ ሕንፃ ባለሙያው ኮንክሪቱን ሲጠብቅ ኮንክሪቱን ሕያው ያደረገው ማን እንደነበረ ካልጠየቀ፣ የሚጠብቀው ባዶ ቅርፊት መሆኑን የዚህ ሕንፃ ታሪክ ያስተምራል። በላኪ ፕላዛ የባለንብረቶቹ ብዛት ለትናንሾቹ ምግብ ቤቶች በር እንደከፈተ ሁሉ፣ ባለንብረቶቹ በጋራ የሸጡ ዕለት በሩ በአንድ ቀን ሊዘጋ ይችላል። ተመጋቢዎቹ በዚህ ውሳኔ ውስጥ ድምፅ የላቸውም።

ሩቅ ያልሆነ ታሪክ

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያዊው አንባቢ የባዕድ ታሪክ ብቻ አይደለም። በቴል አቪቭ በ1993 የተከፈተው ማዕከላዊ የአውቶቡስ ጣቢያ ለብዙ ዓመታት በአንደኛው ፎቁ የፊሊፒኖ ምግብና ሸቀጥ የሚሸጥበት ገበያ ሲያስተናግድ፣ በዙሪያው ባሉት መንገዶች ደግሞ እንጀራ የሚቀርብባቸው ቤቶች ነበሩ። በቤይሩትና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ኢትዮጵያዊቷና ፊሊፒናዊቷ በአንድ ዓይነት ሥራ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ዓይነት ችግር ውስጥ ጎን ለጎን ኖረዋል። ኢትዮጵያም ዜጎቿ ለቤት ሠራተኝነት ወደነዚያ አገሮች እንዳይሄዱ በ2013 አግዳ፣ በ2016 አዲስ የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ አውጥታለች። በዋሺንግተን ከተማ ደግሞ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተከፈቱት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በመጀመሪያ የአገር ልጅ መገናኛ፣ የሥራ መጠያቂያ፣ የሐዘንና የደስታ መስሚያ ሆነው እንዳገለገሉ ይታወቃል።

በሁለቱ ሕዝቦች ገበታ መካከል ያለው ዝምድናም የሚያስገርም ነው። ፊሊፒናውያን በእጅ መብላትን «ካማያን» ይሉታል፤ በሙዝ ቅጠል ላይ የተዘረጋውን ምግብ ሁሉም ከበው በእጃቸው ይበላሉ። ለእንጀራና ለጉርሻ ልጅ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በባዕድ ቤት በሹካና በማንኪያ ሌላውን ስታስተናግድ የከረመች እጅ ወደ ራሷ ማዕድ በቀጥታ ስትገባ ያለው ዕርካታ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው።

ባህል ሲባል በቤተ መዘክር የተቀመጠውና በመድረክ የሚታየው ብቻ ወደ አእምሮ መምጣቱ የተለመደ ነው። የላኪ ፕላዛ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። የአንድን አገር ጣዕም፣ ሰላምታና የመሰብሰብ ልማድ ከአገር ውጭ ይዘው ያቆዩት አምባሳደሮችና የባህል ጓዶች ሳይሆኑ፣ ከሁሉ ያነሰ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሴቶች ናቸው። ይህንንም ያደረጉት በሳምንት አንድ ቀን፣ እሱም ሲፈቀድላቸው ነው። ስለሆነም የስደተኛ ሠራተኛን ባህል ማክበር የሚጀምረው ምግቡን ከማድነቅ አይደለም፤ የምትበላበትን ቀን ከማክበር ነው። ቀኑ የተረጋገጠላት ሴት ገበታውን ራሷ ታሰናዳዋለች። ሕንፃው ቢሸጥም ሌላ ሕንፃ ታገኛለች፤ ያም ባይገኝ ጨርቋን በሣር ላይ ታነጥፋለች።